ሸክላ ስንሠራ የማንን እጅ እናስባለን?



በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ አንድ የሸክላ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሁላችንም ቀድመን የምናየው ማማሩን ነው። አንገቱ ቀጠነ፣ ሆዱ ሞላ፣ ጌጡ ተስተካከለ እንላለን። ዕቃውን ማን እንደሚይዘው፣ በምን ዓይነት እጅ እንደሚያነሣው የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ነገ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ባሉበት ክፍል ልናስተምር ነውና ይህን ጥያቄ ከአሁኑ ማንሣት ይገባል።

እስቲ ከሲኒ እንጀምር። የኛ ሲኒ ጆሮ የለውም፤ ቡናው ሲፋጅ አፋፉን በሁለት ጣት ይዘን እንጠብቃለን፣ አለዚያም ቶሎ እናስቀምጠዋለን። አስቀምጡት ብሎ የሚነግረን ሕመሙ ነው። የሥጋ ደዌ በሽታ ደግሞ የእጅን ነርቭ ስለሚጎዳ ይህን ነጋሪ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው የመድኃኒቶች ቅንጅት በሽታውን ይፈውሳል፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የደነዘዘ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ አይመለስለትም። እንዲህ ያለው ሰው የሚፋጅ ሲኒ ጨብጦ ሲጫወት ይቆይና መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ውኃ ሲቋጥር አይቶ ነው። ቁስሉም ስለማያመው አይጠነቀቅለትም፤ ያመረቅዛል፤ ጣት እስከማሳጣት ይደርሳል።

ታዲያ ሸክላ ሠሪው ምን ያድርግ? ጆሮ ያውጣለት። አንዲት ጣት ብቻ የምታስገባውን፣ ለጌጥ የምትለጠፈዋን ጆሮ ማለቴ አይደለም። አራቱ ጣቶች እንደልብ የሚገቡበት፣ ከዕቃው ገላ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር የራቀ፣ ወፈር ያለና የሚቆረቁር ጠርዝ የሌለው ይሁን። ጣቶቹ ለታጠፉበት ወይም እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው በሁለት በኩል ጆሮ ይወጣለታል፤ ሁለቱ መዳፎች ሸክሙን ይካፈላሉ። የኩባያው ቂጥ ሰፊ፣ ቁመቱም አጭር ቢሆን ቶሎ አይደፋም። ጀበና የምናስቀምጥበትን ማቶት አስቡ፤ ክብ ቂጥ ያለው ዕቃ እንዳይንከባለል እናቶቻችን መላ ካበጁለት ቆይተዋል። ያው ማቶት ሰፋና ከበድ ተደርጎ ቢሠራ የሚንቀጠቀጥ እጅ የነካው ኩባያ ከቦታው አይሸሽም።

ወፍራም ጆሮ ግን ጣጣ አለው። የዕቃው ገላ ሲደርቅ ጆሮው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ያ ውኃ እንፋሎት ይሆንና ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሁለቱም በእኩል እርጥበት ሳሉ የሚገናኙበትን ቦታ ቧጨር ቧጨር አድርጎ በቀጭን ጭቃ ማጣበቅ፣ ከዚያም በጥላ ቀስ ብሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ቢጨመርበት መሰንጠቁን ይቀንሳል። ይህን ዕውቀት ጠብቀው ያቆዩልን ሸክላ ሠሪዎቻችን ናቸው። ለዘመናት ቡዳ እያልን ስንሸሻቸው የሠሩትን ድስትና ምጣድ ግን ከምድጃችን አላወረድንም፤ የሚያሳፍር ነገር እኮ ነው!

ወደ ዓይነ ስውራን ስንመጣ ጌጡ ራሱ ሥራ ያገኛል። በጨው ዕቃ ዙሪያ አንድ ከፍ ያለ መስመር፣ በስኳሩ ሁለት፣ በበርበሬው ነጠብጣብ ቢደረግ ለሚያየው ሰው ጌጥ፣ ለማያየው ደግሞ ጽሑፍ ይሆናል። ክዳን ይቀያየራልና ምልክቱ ገላው ላይ ይሁን። በብሬል መጻፍ የሚፈልግ የጭቃውን መኮማተር አስቀድሞ ያስላ። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ፣ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፣ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። በብሬል ፊደል ውስጥ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ የሚርቀው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ እርጥቡ ጭቃ ላይ 2.8 ተደርጎ መነጠብ አለበት። ከላዩ ግሌዝ የሚባለው እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ቅብ ወፍሮ ከፈሰሰበት በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሞላና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ግሌዝን ካነሣን ዘንድ፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ያለበት ለምግብ ዕቃ ፈጽሞ አይሁን፤ ሎሚና ቲማቲም እርሳሱን ከቅቡ ውስጥ ያወጡታል፤ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ጥቂት ማየት ለሚችሉት ቀለም ይረዳቸዋል። ቡና በነጭ ሲኒ ውስጥ እስከየት እንደሞላ ይታያል፤ ወተት በነጭ ኩባያ ግን አይለይም። ለወተት ጠቆር ያለው ሸክላ ይሻላል።

የቤት ውስጥ ጌጥም እንዲሁ ነው። ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ መተላለፊያ ላይ ማቆም ያምራል ይባላል፤ ለዓይነ ስውር ግን ወጥመድ ነው። ጥግ ይያዝ፤ ቦታውም አይቀያየር። እኔን ብትጠይቁኝ ለትምህርት ቤት የሚሻለው በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ በልጅ እጅ ከፍታ፣ ጠርዛቸው የለዘበ የሸክላ ሰሌዳዎች በተርታ መለጠፍ ነው። የክፍሉ በር ሊደርስ ሲል ሞገዱ ወደ ነጠብጣብ ይለወጥ። የሚያየው ተማሪ ጌጡን ያደንቃል፤ የማያየው በጣቱ እየዳሰሰ ክፍሉን ያገኛል።

የሠራችሁትን ኩባያ ለመፈተን ዓይናችሁን በጨርቅ እሰሩ፤ እጃችሁ ላይ ወፍራም ካልሲ አጥልቁ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልታችሁ አንሡና ጠጡበት። ይህን ያለፈውን ዕቃ ለሚገለገልበት ሰው ስጡትና አንድ ሳምንት ይሞክረው፤ ጆሮው የት ላይ እንደጠበበው፣ የትኛው መስመር ለጣቱ እንዳልተለየው ከእሱ ሰምታችሁ ቀጣዩን ሥሩ።