መርፌውን የሚደብቀው ይሉኝታ

የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ አንዱ መነጽሩን አውጥቶ ያደርጋል፤ ሌላው የደም ግፊት ኪኒኑን በውኃ ይውጣል። ማንም ልብ አይላቸውም። ሦስተኛው ግን ከቦርሳው ትንሽ መርፌ ቢያወጣ ጨዋታው ይቋረጣል፤ በጎሪጥ የሚመለከተውም ይበዛል። ሦስቱም የሚያደርጉት በመሠረቱ አንድ ነው፤ አካላቸው ያጓደለውን ይሞላሉ። ታዲያ መርፌው ብቻ ስለምን ያስደነግጣል? ድንጋጤውስ በሕሙሙ ላይ ምን ጉዳት ያስከትላል? በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሳይንስ አንጻር እንመለከተዋለን።

ኢንሱሊን ለምን በመርፌ?

ኢንሱሊን በቆሽት ውስጥ የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። በዓይነት አንድ የስኳር በሽታ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ሆርሞኑን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ስለሚያጠፋ፣ ሕሙሙ ኢንሱሊን ከውጭ ካላገኘ በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ዓይነት ሁለት ካለባቸውም መካከል ብዙዎች ከጊዜ በኋላ ያስፈልጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬዴሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ ከውሻ ቆሽት ይህን ንጥረ ነገር ለማውጣት ቻሉ። ጄምስ ኮሊፕ አጣራው፤ በጥር 1922ም ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተሰጥቶት ከሞት ተረፈ። ከዚያ በፊት የዓይነት አንድ ሕሙማን ዕጣ በረኀብ አመጋገብ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ መሞት ነበር።

ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች የተገነባ ፕሮቲን ነው። ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋውና እንደ ሽሮው ፕሮቲን ሁሉ ይፈጩታል። ስለዚህ መርፌው የበሽታው መክፋት ምልክት ሳይሆን የሞለኪዩሉ ጠባይ ያስገደደው መንገድ ነው።

የመርፌው ፊዚክስ

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የቀጭን ኢንሱሊን መርፌ ዲያሜትር 0.23 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ስፋቱ 0.04 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ የ50 ግራም ክብደት የሚያህል ኃይል፣ ማለትም ግማሽ ኒውተን፣ ብናሳርፍ የሚፈጠረው ግፊት ከ12 ሚሊዮን ፓስካል አያንስም። ይኸው ኃይል አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ የጣት ጫፍ ቢያርፍ 5 ሺህ ፓስካል ብቻ ነው። ቆዳው የሚበሳው በጉልበት ሳይሆን በቅጥነት ነው፤ ሕመሙም ተመልካቹ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው።

መድኃኒቱ የሚገባው ወደ ደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ ሥር ወዳለው ስብ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ካለው ብልቃጥ 10 ዩኒት ሲቀዳ መጠኑ ከሁለት የውኃ ጠብታ አይበልጥም።

መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

የተሸማቀቀ ሰው ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይወጋል። በዚያ መብራቱ ደካማ ስለሆነ የሲሪንጁን ጥቃቅን መስመሮች ማንበብ ያስቸግራል፤ ንጽሕናውም አያስተማምንም። ኤን.ፒ.ኤች. የተባለው ነጭና ድፍርስ ኢንሱሊን ከፈሳሹ ጋር የተንሳፈፉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ስላሉት ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መካከል በቀስታ መንከባለል አለበት። የቸኮለ ሰው ይህን ይዘለዋል። ዛሬ አነስተኛ፣ ነገ ከፍተኛ መጠን ይወጋል። በብዕር መሰል መርፌ የሚጠቀምም እስከ አሥር ሳይቆጥር ቢነቅለው መድኃኒቱ ይፈስሳል።

ከሁሉ የከፋው የሰዓት መዛባት ነው። ፈጣኑ መደበኛ ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጋል። ሰው እስኪበተን የሚጠብቅ ሳይወጋ ይበላል፤ ወይም ተደብቆ ተወግቶ ሳይበላ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በሽታው የተገኘብኝ ለሦስተኛ ዲግሪ በውጭ አገር ሳለሁ ነው። በዚያ አንድ የቡና ቤት አስተናጋጅ አደንዛዥ ዕፅ የምወስድ መስሎት እንድወጣ ጠይቆኛል። አገሬ ስመለስ ጥርጣሬው መልኩን ለወጠ፤ «ምን ይዞት ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መደበቅ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ተደብቄ ተወግቼ፣ ቁርስ ሳልበላ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ምላሴም ተሳሰረ። ተማሪዎቹ ጠጥቼ የመጣሁ መሰላቸው። ነገሩ የገባቸው ልጃቸው የስኳር ሕመምተኛ የሆነ የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ እናት ብቻ ነበሩ። አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አጠጡኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ወደ ራሴ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብልቃጡንና መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከላይ ያለውን የግፊት ስሌት ከተማሪዎቼ ጋር ሠራን። በማግስቱ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ኢንሱሊኗን አልጋ ሥር በሻንጣ ትደብቅ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ብትጠይቅ ሰው ያውቅብኛል ብላ ትፈራለች። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ እንዳለበት፣ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ያህል እንደሚቆይ፣ በረዶ ከሆነም እንደሚበላሽ ተነጋገርን። ማቀዝቀዣ በሌለበት እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ይረዳል፤ አንድ ግራም ውኃ በተነነ ቁጥር 2400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳልና።

ምን እናድርግ?

የሥራ ባልደረባ ብዙ አይጠበቅበትም። የስኳር በሽታ አይተላለፍም፤ ስለዚህ መሸሽ አያስፈልግም። ሰው ሲወጋ ጨዋታን መቀጠል ከሁሉ የላቀ አክብሮት ነው። ሕሙሙ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢወናበድ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ 15 ግራም፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይሰጠው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ። አለቆችም የምግብና የመርፌ ሰዓት ቢያከብሩ፣ ንጹሕና ብርሃን ያለበት ቦታ ቢያዘጋጁ፣ መርፌ መጣያ ጠንካራ ዕቃም ቢያስቀምጡ መልካም ነው።

ሕሙሙም ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ይናገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ መድኃኒቱ በእጄ ነበረ፤ ብደብቀው ግን ከሌለው ሰው የተሻልኩ አልነበርኩም። ዛሬ በመምህራን ክበብ ከቡናው በፊት በቦታዬ ተቀምጬ እወጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ዝም አለ። በሁለተኛው ስኳር የሚያቀርበው አስተናጋጅ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሳይጠይቅ ማለፍ ጀመረ። አሁን ማንም ቀና ብሎ አያየኝም።