ስለ ጠንካራውና ቅርቡንም ሩቁንም ስለሚያሳየው ኮንታክት ሌንስ ለነጋዴዎች የቀረበ ማስረጃ

ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ ነጋዴ ደረሰኝ ሲያነብ ክንዱን እየዘረጋ ወረቀቱን ከዓይኑ ማራቅ መጀመሩ የታወቀ ነው። ይህም በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በዕድሜ ምክንያት የመተጣጠፍ ኃይሉን እያጣ ሲሄድ በሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ እንጂ በሽታ አይደለም። አብዛኞቻችን የንባብ መነጽር ገዝተን እንገላገላለን። ሆኖም ከጊዳ አያናና ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ለንግድ ከሚመላለሱት አንዳንዶቹ ቅርቡንም ሩቁንም ያሳያል ስለሚባለው ኮንታክት ሌንስ ይጠይቃሉ። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን እዚህ ላይ ማስረዳት ይጠቅማል።

በዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ አዲስ ነገር አይደለም። አዶልፍ ፊክ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ከመስታወት የተሠራውን በዙሪክ ሞከረ፤ ነገር ግን ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚታገሡት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 ኬቪን ቱዊ በአሜሪካ ኮርኒያን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኦቶ ቪችተርሌ በፕራግ ለስላሳውን ሌንስ በልጆች መጫወቻ ዕቃ በገጣጠመው መሣሪያ ሠራ። ዛሬ የሚሠራው ጠንካራ ሌንስ ከቀድሞው የሚለየው ኦክሲጅን የሚያሳልፍ በመሆኑ ነው። ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን የደም ሥር ስለሌለው የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው።

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፥ ጠንካራው ሌንስ እንደ ጨርቅ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚሸጥ ሳይሆን በየሰው ልክ የሚሠራ መሆኑን ነው። የኮርኒያው ጕብጠት በመሣሪያ ይለካል፤ የብዙ ሰው ልክ በግምት 7.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ልዩነት ያመጣል። ጠብቆ የተሠራ እንደሆነ በዓይን ላይ ይጣበቃል፤ የላላ እንደሆነ ይንሸራተታል። ባለሙያው ይህን ለማረጋገጥ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም በዓይን ጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ይመለከታል፤ እንባ በተጠራቀመበት አረንጓዴ ሲያበራ፥ ሌንሱ ኮርኒያውን በነካበት ይጠቁራል። ኮርኒያቸው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ለወጣባቸው ሰዎች፥ ማለትም ኬራቶኮነስ ለተባለው ሕመም፥ ጠንካራው ሌንስ ከመነጽር የሚበልጥበት ምክንያት እንባው ከሌንሱ ሥር ሞልቶ ወጣ ገባውን ስለሚያስተካክለው ነው። እነዚህ ሰዎች ቢደክሙበትም ድካማቸውን የሚክስ ጥቅም ያገኙበታል።

ቅርቡንም ሩቁንም የሚያሳየው ሌንስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሁለቱን ርቀት ብርሃን ባንድ ጊዜ ወደ ዓይን ያስገባል፤ አእምሮም የሚፈልገውን መምረጥ ይለምዳል። በዚህ ምክንያት በመሸ ጊዜና ብርሃን ባነሰበት መጋዘን ነገሩ ደብዘዝ ይላል። ሁለተኛው በአብዛኛው ከጠንካራው ዓይነት የሚሠራ ሲሆን፥ ሰው ወደ ታች ሲመለከት የታችኛው ቆብ ሌንሱን ወደ ላይ ገፍቶ የንባቡን ክፍል ከዓይን ፊት ያመጣዋል። እንግዲህ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ የዋጋ ጽሕፈት ለማንበብ ቀና የሚል ባለ ሱቅ በዚህ አይረዳም። ስለዚህ ወደ ባለሙያው ከመሄድ በፊት የሥራን ርቀት በሜትር ለክቶ መያዝ ይገባል፤ የሒሳብ መዝገቡ ከዓይን ምን ያህል ይርቃል፥ መደርደሪያውስ? ለቀምት በሚል ስም ለውጭ ገበያ የሚቀርበውን ቡና ወይም የወለጋን ሰሊጥ እየዘረጋ ጉድለቱን የሚለይ ሰው የሚያስፈልገው ርቀት ደብዳቤ ከሚጽፍ ጸሐፊ የተለየ ነው።

ልማዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ወይም አራት ሰዓት ተደርጎ በየቀኑ ጥቂት ይጨመራል፤ ቆቡ የሌንሱን ጠርዝ መሰማት እስኪተው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ለብዙ ቀን ያቋረጠ ሰው እንደገና ይጀምራል። እንባ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው፤ ብርቱ ሕመም፥ መቅላትና የማየት መፍዘዝ ግን አይደለም። ይህ ሲሆን ሌንሱን ወዲያው አውጥቶ፥ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ይገባል፤ የኮርኒያ ቁስል በጥቂት ቀን ዓይንን ሊያጠፋ ይችላልና። በተለይ በቡና መፈልፈያና በሰሊጥ ማበጠሪያ ለሚውል ሰው አቧራ ከጠንካራው ሌንስ ሥር ሲገባ እንደ መርፌ ይወጋል። እንዲህ ላለው ሰው፥ በኔ አስተያየት፥ መነጽር ይሻላል። ትራኮማ የዓይኑን ቆብ የጎዳበት ሰውም ይህን ነገር ሐኪም ሳይፈቅድለት አያስበው።

ሌንሱን በቧንቧም ሆነ በጕድጓድ ውኃ፥ ይልቁንም በምራቅ ማጠብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በውኃ ውስጥ የሚኖር አካንታሜባ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ ኮርኒያን ይበላል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። በሌንስ መተኛትም አይገባም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጊዳ አያና የሚነሣው አስቀድሞ ነቀምቴ ድረስ ይወርዳል። ልኩን ለማረም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ስለሆነ፥ የመሳፈሪያው፥ የአልጋውና ሱቅ የሚዘጋበት ቀን ኪሣራ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይደመር። መንገድ በማይታመንበት ወራት መጀመር አይመከርም።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆችም የሚነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሕክምና መሣሪያዎችን በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ስለዚህ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት የምዝገባውንና የፈቃዱን ነገር ከባለሥልጣኑ መጠየቅ ይገባል። ለጌጥ የሚደረገው ባለ ቀለም ሌንስም ዓይንን የሚነካ ስለሆነ ከቅባትና ከሽቶ ጋር ተደባልቆ ሊሸጥ አይገባም። ለጠንካራው ሌንስ የሚስማማው ፈሳሽ ከለስላሳው የተለየ ነው፤ የጨው ውኃው ያለቀልቃል እንጂ ጀርም አይገድልም። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት ፈሳሽ ደግሞ በራሱ መያዣ ውስጥ ጕልበቱ እስኪሰበር ሳይቆይ ዓይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል። ሻጩ ጠርሙሶቹን ለይቶ ይደርድር፥ የሚያበቃበትንም ቀን በየወሩ ይመልከት።