ኤሊዋን እንምራ፦ በኮድ ቅርጽ መሣል



ብዙዎቻችን ኮምፒውተር በእጃችን የነካነው እዚህ ግቢ ከገባን በኋላ ነው። ስለዚህ የፕሮግራሚንግ አሳይመንት ሲሰጠን ከጓደኛ ገልብጠን እናስገባለን፤ ፈተና ላይ ግን ብቻችንን እንቀመጣለን። ያኔ የገለበጥነው ኮድ አንድ መስመር እንኳ አይመጣልንም። በዚህ እትም ከዚህ ልማድ ለመውጣት የሚረዳ ቀላል ትምህርት ይዘን ቀርበናል፦ በፓይተን ቅርጽ መሣል። እዚህ የሠራነው ስሕተት ወዲያው በዓይናችን ይታያል፤ ምክንያቱንም ራሳችን ልንደርስበት እንችላለን።

1. ኤሊዋ ማን ናት?

ሎጎ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ማስተማሪያ ተዘጋጀ። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሒሳብ ምሁሩ ሲሞር ፓፐርት ነበር። ሎጎን ታዋቂ ያደረገችው ብዕር ይዛ የምትሄድ ኤሊ ናት። ዛሬ በፓይተን ውስጥ «ተርትል» በሚል ስም እናገኛታለን። ለመጀመር ሁለት ትእዛዝ ይበቃናል፦ «ፎርዋርድ» ወደፊት ያስኬዳታል፤ «ሌፍት» በቆመችበት ወደ ግራ ያዞራታል።

2. ካሬ

«ፎርዋርድ 100፣ ሌፍት 90» እንበላት። ይህን 4 ጊዜ ስትፈጽም ካሬ ይወጣል። ትእዛዙን 4 ጊዜ መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ በ«ፎር» ሉፕ አንዴ ጽፈን 4 ጊዜ እንዲደገም እናደርጋለን።

3. ሦስት ማዕዘን፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት

ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ እንደሆነ ከሃይስኩል እናውቃለን። ስለዚህ «ፎርዋርድ 100፣ ሌፍት 60» ብለን 3 ጊዜ እናስደግማለን። ቅርጹ ግን አይዘጋም፤ የባለ ስድስት ጎን ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ለምን? ከወንበራችን ተነስተን የዶርማችን ወለል ላይ ሦስት ማዕዘን እንራመድ። ጥግ ላይ ስንደርስ የምንዞረው ፊታችን ካለበት አቅጣጫ ተነስተን ነው። 60 በቅርጹ ውስጥ ያለው ማዕዘን ነው፤ የምንዞረው ግን ውጫዊውን ነው፤ እሱም 180 ሲቀነስ 60፣ ማለትም 120 ዲግሪ ነው። ካሬው ላይ ስሕተታችን ያልታየው ውስጡም ውጩም 90 ስለሆነ ብቻ ነው።

ዞረን ወደ ተነሳንበት ስንመለስ፣ ፊታችንም እንደ መጀመሪያው ሲሆን፣ በጠቅላላ የዞርነው 360 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 360ን ለጎኖቹ ብዛት እናካፍል፦ ለአምስት ጎን 72፣ ለስድስት 60፣ ለስምንት 45። «ፎርዋርድ 1፣ ሌፍት 1» 360 ጊዜ ቢደገምስ? 360 ጎን ያለው ቅርጽ ይወጣል፤ ዓይን ግን ከክብ አይለየውም።

4. የቤት ሥራ

በብዙ ሙስሐፎች ላይ የሒዝብ ሩብ መጀመሪያን የሚያሳየውን ባለ ስምንት ጫፍ ምልክት ሁላችንም እናውቀዋለን። ምልክቱ መሐላቸው አንድ የሆነ፣ አንዱ ከሌላው በ45 ዲግሪ የዞረ ሁለት ካሬ ነው። ካሬ ሥለን፣ ኤሊዋን 45 አዙረን ከዚያው ጥግ ሌላ ካሬ ብናሠራት ግን አይሆንም፤ መሐላቸው ይለያያል።

ስለዚህ ከመሐል እንነሳ። «ፔንአፕ» ብለን ብዕሩን እናንሳ፤ «ፎርዋርድ 70.7»፣ ይህም ጎኑ 100 የሆነ ካሬ ከመሐሉ እስከ ጥጉ ያለው ርቀት ነው። «ሌፍት 135»፣ «ፔንዳውን»፣ ከዚያ ካሬውን እንሣል። ብዕሩን አንስተን «ራይት 135»፣ «ባክዋርድ 70.7» ስንል መሐል ላይ እንመለሳለን። «ሌፍት 45» ብለን ሁሉንም አንድ ጊዜ እንድገመው።

አደራ፣ ኮዱን ከማንም አንገልብጥ! ቅርጹ ከተበላሸብን ወለሉ ላይ እንራመደው። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ በስንት ዲግሪ እንደሚዞር ደግሞ በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ሞክሩት።