ሰሙን ሰምተን ወርቁን እንዳንጥል፦ የአማርኛ ቴአትር እንዴት ይታያል?

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ከአክስቴ ጋር ቴአትር ገባሁ። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ እኔ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ያመለጠኝ ከቃላቱ ጀርባ ያለው ነው። ስንወጣ አክስቴ፣ «አንቺ ሰሙን ሰማሽ እንጂ ወርቁን ጥለሽው ወጣሽ» አለችኝ። ውጭ አገር ያደግን ብዙዎቻችን ይህ ስለሚገጥመን እስቲ አብረን እንማማር።

በቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ደግሞ ውስጡ የተደበቀው ትርጉም። ቴአትራችንም ይህንኑ ይዞ ነው የተነሣው። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመድረክ አበቁ። ሰሙ የእንስሳት ተረት፣ ወርቁ የጊዜው ሹማምንት ብልሹ አሠራር ነበር። ወርቁ ስለተገለጠም ቴአትሩ ታገደ።

በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የፀጋዬ ገብረ መድኅን «ሀሁ በስድስት ወር» መጣ። የርእሱ ሰም ፊደል መቁጠር ነው። ወርቁን እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ፦ አገር የፖለቲካን ሀሁ በስድስት ወር ትጨርሳለች ወይ?

ወርቁን የሚያወጣልን ተዋናዩ ነው። ምክንያቱም ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሹሙ ይበላል» የሚለውን ውሰዱ። «በ» ከላላች ሹሙ በላተኛ ነው፤ ከጠበቀች ግን ተበዪው እሱ ራሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የተዋናዩ አንደበት ነው። ቴአትርን አንብቦ ብቻ ማወቅ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንለማመድ?

1. ጆሮአችሁን አሠልጥኑ። ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበት ቅጂ ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። መጽሐፉን ገልጣችሁ ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን ክፍል አዳምጡ። የት ረገጠ? የት ዝም አለ? ከዚያ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

2. አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲስቅ ወይም ድንገት ጸጥ ሲል፣ ከዚያ በፊት የተነገረችውን ቃል ያዙ። ወርቁ ብዙ ጊዜ እሷ ዘንድ ነው።

3. ስትወጡ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ እኔ ያፈርኩት ሳይገባኝ የሳቅሁ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ የምትሄዱ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅርንና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትርን ሳታዩ አትመለሱ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ተዋናይትና ገጣሚ ዓለምፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችውን የጣይቱ የባህል ማዕከል መድረክ ተከታተሉ። የፊልም ተዋናይ ነገም በስልካችሁ ይገኛል፤ የመድረክ ተዋናይ ግን መጋረጃው ሲዘጋ የዚያን ምሽት ድምፁን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሂዱ፤ የምታመሹትም አማርኛው ከሚጣፍጣቸው አክስቶቻችሁ አጠገብ ይሁን።