ከሰው የማያስማማ ጠባይ

ከሰው ጋራ የማያስማሙ ጠባዮች ብዙ ናቸው። ሐሜትን፥ ግትርነትንና ቂምን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አልቈይባቸውም። ልጽፍበት የወደድኩት ዝምታን ሁሉ እንደ ንቀት የሚቈጥር ዐመል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጥበት ተቀመጠ። ንጉሡም ተናቅሁ ብለው (ሌላም ምክንያት ነበራቸው) በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ነገሩም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። ጥፋቱ የእንግሊዞች ነበረ፤ ዳሩ ግን የጽሕፈት ቤት ቸልታና ንቀት አንድ አይደሉም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኬኔት ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፥ ጠበኞች የሆኑ ወንዶች ልጆች ሥራቸው ሲበላሽባቸው፥ አድራጊው ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው ባይታወቅም፥ ሆን ብሎ እንዳደረገው ቈጥረው እንደሚመልሱ አሳይቷል።

ይህ ነገር ለእኛ ለካዛንቺስ ልጆች ዛሬ ይበልጥ ያሳስበናል። ስሙን ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ያገኘው ሰፈራችን በ2017 ዓ.ም. ብዙው ቤት ሲፈርስ፥ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። በድሮው ግቢ አንዲት እትዬ ሰላምታ ሳይመልሱ ቢያልፉ፥ ጆሯቸው እንደሚከብድ ሁሉ ያውቅላቸዋል። በአዲሱ ፎቅ ግን ማን ያውቅላቸው? «ኰሩ» ይባሉና የቡና ጥሪው ይቀርባቸዋል።

እኔስ ደረጃ ላይ ያገኘሁት ትልቅ ሰው ዝም ሲለኝ፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንደምን አደሩ?» ብዬ እደግመዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ይመጣል።