የሶባ ቀይ ጡቦች

ተማሪዎቻችን በካርቱም የሚጎበኝ ታሪካዊ ስፍራ ጥሩ ሲባሉ የሁለቱን ዓባዮች መገናኛና በኦምዱርማን የሚገኘውን የማህዲ መቃብር ይጠራሉ። ሶባን የሚጠራ ጥቂት ነው። ብንወስዳቸውም መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ የሚታየው ሜዳ፣ ዝቅ ያለ ጉብታና የቀይ ጡብ ስብርባሪ ነውና።

ይሁን እንጂ ከጣና በሚወርደው ጥቁር ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከካርቱም መሀል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ስፍራ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበር። በ10ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ የመጣው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የሞላባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች እንደነበሩበት ጽፏል። መጻሕፍታቸው በግሪክኛ ነበሩ፤ ወደ ራሳቸው ቋንቋም ይተረጉሟቸው ነበር። ግዕዙ በአማርኛ ሲተረጎም እየሰማ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ጳጳሳቸውም እንደ እኛው ከእስክንድርያ ይሾም ነበር።

ታዲያ ከተማው የት ሄደ? ካርቱም በ19ኛው መቶ ዘመን ስትሠራ ጡቡ ከዚህ እየተጫነ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የእንግሊዝ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የአብያተ ክርስቲያናቱን ፍርስራሽ አግኝተዋል። አሁን ደግሞ አዳዲስ ቤቶች እየተስፋፉበት ነው።

ስለዚህ ለጉብኝት ስንወጣ ደንባችን አንድ ነው፤ በዓይን ይታያል እንጂ አይነሣም። ባለሙያ ከሸክላ ቁራጭ ታሪክ የሚያነበው የተገኘበትን ቦታ ሲያውቅ ነው። ባለፈው ጉዞ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቁራጭ በኪሱ ይዞ ተመለሰ። አልተቆጣነውም። በሚቀጥለው ዓርብ አብረነው ሄድን፤ ያነሣበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ አስቀመጠው።