«ፕሮሲድ»ን ከመንካትሽ በፊት

ቆዪ፣ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍተሽ፣ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን «ፕሮሲድ» ልትነኪ ነው አይደል? የባንክ ጉዳይሽ እንደሚያስቸኩልሽ አውቃለሁ። ግን ብራውዘርሽ ያወጣው ይኼ የማስጠንቀቂያ ገጽ የሚነግርሽ ነገር አለ፤ ነይ አብረን እናንብበው።

ድረ ገጽ ሁሉ ማለት ይቻላል መታወቂያ አለው፤ ሰርተፍኬት የሚሉት እሱን ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ሦስት ነገር ይታይበታል፦ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል። ብራውዘርሽ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ሦስቱንም ያያል፤ አንዱ ካልጣመው ያስቆምሻል። ስለዚህ መጀመሪያ «የቱ ነው ያልጣመው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ እዚያው በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። «ዴት» የሚል ካየሽ ነገሩ የቀን ነው። «ኮመን ኔም» ካለ የስም ነው። «ኦቶሪቲ» ካለ፣ ፋየርፎክስ ላይ ከሆነ ደግሞ «አንኖውን ኢሹዌር» ካለ፣ የሰጪው ነው።

የቀኑን እናስቀድም፤ ለማረም የሚቀለው እሱ ነው። ኮምፒውተርሽ የሚያሳየውን ቀንና ዓመት እዪ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ካለ ችግሩ ተገኘ። ኮምፒውተሩ የሚሄደው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እሱ ደግሞ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። የእኛን ዓመት ስትሰጪው ገና ከዓመታት በፊት ያለ ይመስለዋል፤ የዛሬው ሰርተፍኬት ሁሉ «ሥራ ያልጀመረ» ይሆንበታል። ያኔ አንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን የምትከፍቺው ሁሉ ያስቸግርሻል። ይኼን ምልክት ያዢው፦ ሁሉም ገጽ በቀን ምክንያት ከተበላሸብሽ ጥፋቱ ያንቺው ማሽን ጋ ነው።

ሰዓቱንም አብረሽ አስተካክዪ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ ዊንዶውስ ላይ «ናይሮቢ» ተብሎ የተጻፈው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 የሚቀድመው ነው። ሴቲንግ ገብተሽ ቀኑን መጀመሪያ በእጅሽ አርሚ፤ ከዚያ «ሲንክ ናው» የሚለውን ንኪ፤ ሰዓቱ ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውንም ምርጫ አብሪው። ስልክ ላይም እንዲሁ።

ዴስክቶፕ ሆኖ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ብዙው ዴስክቶፕ የሚወስደው ሲአር 2032 የሚባለውን ነው። ሶኬቱን ነቅለሽ አሮጌዋን አውጪ፤ ቁጥሯን አይተሽ ተመሳሳይዋን ግዢ። ለዚህ ተብሎ ኮምፒውተር ፎርማት አይደረግም።

ቀንሽ ትክክል ሆኖ አንድ ገጽ ብቻ «ዴት» ካለሽ፣ ሰርተፍኬቱን ማሳደስ የረሳው የገጹ ባለቤት ነው። ስልክ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ እስኪያሳድሱ ጠብቂ። ይኼ ወደፊትም ያጋጥምሻል፤ የሰርተፍኬት ዕድሜ እያጠረ ነው። ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች በተስማሙበት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2026 ጀምሮ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ከ200 ቀን፣ ከማርች 2029 ጀምሮ የሚሰጥ ደግሞ ከ47 ቀን አይበልጥም።

ስሙ ካልገጠመ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛ፣ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቢው፤ አንዲት ፊደል ተሳስተሽ ሌላ ቤት ሄደሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሆቴል ወይም የካፌ ዋይፋይ ላይ ነሽ? እንዲህ ያለው ዋይፋይ የራሱን መግቢያ ገጽ ሊያሳይሽ መሃል ይገባል፤ ብራውዘሩ የባንክሽን ስም ጠርቶ የሌላ መታወቂያ ይቀርብለታል። መፍትሔው ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን፣ ሰርተፍኬት የማይጠይቀውን «ኔቨር ኤስኤስኤል ዶት ኮም» መክፈት ነው። መግቢያው ሲመጣልሽ ግቢና ወደ ጉዳይሽ ተመለሺ። ካልሆነም በሞባይል ዳታሽ ሞክሪው።

ሰጪው ካልታወቀ ግን ረጋ በዪ። ስልኩ ያረጀ ከሆነ ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው በነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ድርጅት ብዙ ገጾችን ያገለግላል፤ ከ7.1.1 በፊት ያሉ አንድሮይዶች ግን የእሱን መሠረታዊ ሰርተፍኬት አያውቁትም። ያንኑ ገጽ በዚያው ዋይፋይ በአዲስ ስልክ ክፈቺው፤ እዚያ ያለችግር ከተከፈተ ያረጀው ስልክሽ ነው፤ አፕዴት አድርጊው። ፋየርፎክስ የታመኑ ሰጪዎችን ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ፣ ስልክሽ የሚቀበለው ከሆነ እሱንም ሞክሪ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ጸረ ቫይረሱ መሃል ገብቶ የራሱን ሰርተፍኬት እያቀረበ ሊሆን ይችላል፤ አፕዴቱን እዪለት። «ይህን ሰርተፍኬት ጫኚና ይስተካከላል» የሚል ሊንክ ቢላክልሽ ግን በፍጹም እንዳትጭኚ። አንዴ ከተጫነ፣ የሰርተፍኬቱ ባለቤት በመንገድሽ ላይ ከተቀመጠ የምትጽፊውን ሁሉ ማንበብ ይችላል።

ይኼን የምልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ በሰው ላይ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ኩባንያ በሰርጎ ገቦች ተደፈረ፤ በጎግል ስም የሐሰት ሰርተፍኬት ወጣ፤ ኢራን ውስጥ ጂሜይል የሚጠቀሙ ሰዎችም ተሰለሉበት። ነገሩ የተጋለጠው በኦገስት መጨረሻ አንድ ኢራናዊ ጂሜይሉን ሊከፍት ሲል ክሮም ማስጠንቀቂያ ስላሳየው ነው። ዘሎት አላለፈም፤ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲመረመር ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች፣ አብዛኞቹ የኢራን፣ ያ የሐሰት ሰርተፍኬት እንደቀረበላቸው ታወቀ። ኩባንያው በሴፕቴምበር ከሰረ። ያን ሁሉ ያስቆሙት «አንተ ሰው፣ ቆም ብለህ አንብብ» ያለ ገጽና ያነበበ ሰው ናቸው።

አንድ ነገር ጨምሪበት፦ ማስጠንቀቂያ አልመጣም ማለት ገጹ ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም። ሌባም የባንክሽን ስም በአንዲት ፊደል ለውጦ አድራሻ ይገዛል፤ ለዚያ አድራሻ ትክክለኛ ሰርተፍኬት በነጻ ያወጣል። ስለዚህ በመልእክት በመጣልሽ ሊንክ ወደ ባንክ አትግቢ፤ አድራሻውን ራስሽ ጻፊው።

እንግዲህ የኔ እህት፣ ቀኑን፣ ስሙን፣ ሰጪውን በተራ እዪ፤ ማረም የምትችዪውን አርሚ። ምክንያቱን ካላገኘሽ ግን የይለፍ ቃልም ሆነ የካርድ ቁጥር እንዳትጽፊ። ጉዳይሽ ለነገ ቢያድር ይሻላል፤ ወደ ባንኩ በእግርሽ ሄደሽም ይፈጸማል። ከሂሳብሽ የወጣ ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም።